የአንድ ዝርያ ሁለት ስም፦ የበረሃው የሌሊት ተርብ ታሪክ

ስለ ነፍሳት አመዳደብ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ስሙን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማሪው እንዲያጠናው እናደርጋለን እንጂ ስሙ እንዴት እንደ ተገኘ አንነግረውም። አንድ ስም ምን ያህል ድካምና ስሕተት እንዳለፈበት ለማስረዳት፣ በምዕራብ አሜሪካ በረሃዎች ሌሊት የሚንቀሳቀሱትን ተርቦች ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

የእነዚህ ነፍሳት የእንግሊዝኛ ስም ሲተረጐም «የከፋይ ጉንዳን» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጉንዳን አይደሉም፤ ተርቦች ናቸው። ጉንዳን ያሰኛቸው ሴቷ ክንፍ የሌላትና በመሬት ላይ የምትሮጥ መሆኗ ሲሆን፣ ከፋይ ያሰኛቸው ደግሞ ገላቸውን የሸፈነው ጠጕር ነው። ወንዱ ግን ክንፍ አለው። የምትናደፈው ሴቷ ብቻ ናት። እንቁላሏን በሌሎች ንቦችና ተርቦች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል የባለጎጆውን እጭ በልቶ ያድጋል።

ከዚህ ቤተሰብ ለአንዳንዶቹ ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም አወጣላቸው። አሜሪካዊው ብሌክም እ.ኤ.አ. በ1871 ስፌሮፕታልማ የተባለውን ወገን ሰየመ። ችግሩ የጎላው የሌሊቶቹ ጥናት እየሰፋ ሲሄድ ነው። ወንዶቹ ወደ መብራት እየበረሩ ስለሚመጡ በብዛት ይያዛሉ። ሴቷ ግን ስለማትበር፣ አንድም በባትሪ መብራት መሬት ለመሬት ተፈልጋ፣ አንድም በተቆፈረ የጉድጓድ ወጥመድ ውስጥ ወድቃ ካልተገኘች አትታይም። በዚህ ምክንያት የቤተ መዘክሮች ሣጥኖች በወንዶች ተሞሉ።

ወንዱን ለመለየት መንጋጋው፣ ከደረቱ ሥር የሚገኝ ጥርስ መሰል ጉጥና የመራቢያ አካሉ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ሴቷ እነዚህ ምልክቶች ስለሌሏት ከየትኛው ወንድ ጋር እንደምትመደብ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ማስረጃ የሚሆነው ሲጣመሩ መያዝ ወይም ሁለቱን ከአንድ ጎጆ ማሳደግ ነበር፤ ይህም የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ወንዱ አንድ ስም፣ ሴቷ ሌላ ስም እየተሰጣቸው፣ አንዱ ዝርያ እንደ ሁለት ሊቈጠር ቻለ። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1967 በኔቫዳ የኑክሊየር ቦምብ መሞከሪያ ቦታ ስለ ተገኙት ያሳተመው ጥናት፣ ከርእሱ ጀምሮ የወንዶቹ ብቻ መሆኑን ይናገራል።

ለችግሩ መፍትሔ የመጣው ከዘር ጥናት ነው። ፒልግሪምና ፒትስ እ.ኤ.አ. በ2006 የወንዱንና የሴቷን ዲ.ኤን.ኤ. በማነጻጸር ሁለቱን የሚያገናኝ ዘዴ አቀረቡ። ሁለቱ አንድ ዝርያ ሆነው ሲገኙ በሕጉ መሠረት ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል፤ የኋለኛው ይሻራል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምንድን ነው? የቀደሙት ሊቃውንት ሰነፎች አልነበሩም፤ ያዩት መብራቱ ያመጣላቸውን ነው። ዕውቀታችን በምንጠቀምበት ዘዴ ልክ ይወሰናል ማለት ነው። እንግዲህ ተማሪዎቻችን ማታ መብራት አብርተው ነፍሳትን ሲሰበስቡ መሬቱንም እንዲመለከቱ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱንም እንዲመዘግቡ እናስተምራቸው። ክንፍ የሌላትን ተርብ አይቶ «ጉንዳን ናት» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመንም ከመቈጣት ይልቅ፣ «ምን አይተህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። የአመዳደብ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።