ከፍ ያለ መንገድ፤ የዊንድሰር ከተማ ከጐርፍ የማምለጫ ታሪክ

ጐርፍ የሚያሰጋው ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ከፍ ያለ ቦታ ነው። ነገር ግን ከፍ ያለ ቦታ ብቻውን መጠጊያ ይሆናልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ በአውስትራሊያ አገር፥ ከሲድኒ በስተሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር የምትገኘውን የዊንድሰርን ከተማ ታሪክ እየተመለከትን መልሱን እንፈልጋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወንዙን የጥንት ባለአገሮቹ የዳሩግ ሕዝብ ድያሩቢን ይሉታል። እንግሊዞች በ1794 በዳርቻው ሰፍረው ማረስ ጀመሩ። መሬቱ ለም የሆነው ጐርፍ ባመጣው ደለል ስለሆነ፥ እህል የሚሰጠው ወንዝ መልሶ ይወስደው ነበር። በ1806 የደረሰው ጐርፍ አዝመራውን ስላጠፋ ሲድኒ ሳትቀር በእህል እጥረት ተቸገረች። ስለዚህ አገረ ገዥው ላክላን ማኳሪ በ1810 ዊንድሰርን ጨምሮ አምስት ከተሞችን በከፍታ ቦታ መሥርቶ፥ ገበሬው ሜዳውን እያረሰ ቤቱን ግን ከላይ እንዲሠራ አዘዘ። ብዙዎቹ ከእርሻቸው መራቅን ስላልወደዱ በሜዳው ቀሩ፤ አገረ ገዥውም በ1817 ባወጣው ትእዛዝ ወቀሳቸው።

በ1867 በጁን ወር የመጣው ጐርፍ ግን የማኳሪንም አሳብ ፈተነው። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 19.7 ሜትር ያህል ከፍ ሲል የከተማይቱ ብዙ ክፍል ሰጠመ፤ የቀረውም ደሴት ሆነ። ሰው የሚድነው በጀልባ ብቻ ነበር። በሜዳው ላይ ከሁለት ወንድማማቾች ቤት 12 እናቶችና ልጆች በአንድ ሌሊት ሰጥመው ሞቱ።

የዚህ ምክንያቱ የአገሩ አቀማመጥ ነው። ወንዙ ከዊንድሰር በታች በጠባብ የድንጋይ ገደል መካከል ያልፋል። ስለዚህ ከብዙ ገባሮች ፈጥኖ የሚመጣው ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ወደ ኋላው ይተኛል። ከከተማይቱ ጀርባ ባለው ሳውዝ ክሪክ በተባለው ትንሽ ወንዝ ሸለቆም ይሞላል። ነዋሪው ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ወንዝ እያየ ሲቈይ፥ ወደ ሲድኒ የሚያወጣው መንገድ በስተኋላ ይዘጋበታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ይህን የመሰለ ነው። በ1960 የተፈጸመው የዋራጋምባ ግድብም የተሠራው ለሲድኒ የመጠጥ ውሃ እንጂ ጐርፍ ለመከልከል አይደለም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ከፍታ ብቻ ሳይሆን ከከፍታው የሚያወጣ መንገድ መሆኑ ታወቀ። በ2007 በሳውዝ ክሪክ ሸለቆ ላይ የጂም አንደርሰን ድልድይ ተከፈተ። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል 17 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። መንገድ በጐርፍ ጊዜ የሚመዘነው በዚህ በዝቅተኛው ቦታው ነው፤ ዘጠኝ እጁ ከፍ ብሎ አንዱ እጅ ዝቅ ቢል፥ ሁሉም ዝቅ እንዳለ ይቈጠራልና። መንገዱም በአፈር ክምር ብቻ ከተሠራ እንደ ግድብ ሁኖ ውሃውን በሌላው ሰው ላይ ይመልሳል፤ ስለዚህ ውሃ ማሳለፊያ ያሻዋል።

ልዩነቱ በ2021 በማርች ወር ታየ። በትልቁ ወንዝ ላይ በ2020 የተከፈተው አዲሱ የዊንድሰር ድልድይ ዓመት ሳይሞላው ሰጠመ፤ ውሃው 13 ሜትር ያህል ስለ ነበረ የማምለጫው ድልድይ ከበላዩ ቀረ። አንደኛው ለዘወትር ጉዞ፥ ሁለተኛው ለክፉ ቀን የታሰበ ነበርና።

ሁኖም 17 ከ19.7 ያንሳል። የ1867ቱ ጐርፍ ቢመለስ ይህም መንገድ ይሰጥማል። ስለዚህ ከፍ ያለ መንገድ የሚሰጠው ጊዜን ነው፤ መዳን የሚገኘው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወጡ ብቻ ነው። ማኳሪ በ1817 የወቀሳቸው ገበሬዎች ከፍታው እያለላቸው አልወጡም። መሐንዲስ መንገዱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ውሃው ሳይደርስ ተነሥቶ መሄድ ግን የነዋሪው ፈንታ ነው።