የኩሎምብ ሕግ ታሪክና የይፋት ቆላ የመማሪያ ክፍል

የኩሎምብ ሕግ ትምህርት ብዙ ጊዜ በሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ቀመር ይጀመራል፤ በዚያው ያበቃል። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይይዛል እንጂ ኃይሉን በዓይኑ አያይም። የሕጉ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያመለክታል።

በዕረፍት ላይ ያሉ ኤሌክትሪካዊ ሙሎች የሚሳሳቡበት ወይም የሚገፋፉበት ኃይል ከርቀታቸው ካሬ ጋር ኢ-ርቱዕ ወደረኛ መሆኑን ጆዜፍ ፕሪስትሊ በ1767 እ.ኤ.አ. ገምቶ ነበር። ሄንሪ ካቨንዲሽም በ1770ዎቹ መጀመሪያ በሙከራ ደርሶበታል፤ ሆኖም ሥራው የታወቀው ማክስዌል በ1879 ካሳተመለት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕጉ የተሰየመው በ1785 ሙከራውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው በመሐንዲሱ በሻርል ኩሎምብ ስም ነው።

የኩሎምብ መሣሪያ የጥምዘዛ ሚዛን ነበር። ይኸውም በቀጭን የብር ሽቦ የተንጠለጠለ አግድም ዘንግ ሲሆን፣ በጫፉ ላይ ከቁጥቋጦ ግንድ እምብርት የተሠራች ቀላል ኳስ ነበረች። ይህችና ከአጠገቧ የተተከለችው መሰሏ አንድ ዓይነት ሙል ሲያገኙ ተገፋፍተው በ36 ዲግሪ ተራራቁ። ሽቦው ተጠምዝዞ ርቀቱ ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ጠቅላላው ጥምዘዛ 144 ዲግሪ፣ ወደ 8.5 ሲወርድ ደግሞ 575.5 ሆነ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ አራት እጥፍ እንደሚያድግ በእነዚህ ቁጥሮች ታየ። ኩሎምብ እርጥበት ባለው አየር ሙሎች ቶሎ እንደሚጠፉም አስተውሏል።

ሸዋ ሮቢትን የሚያካትተው የይፋት ቆላ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገውን በእጁ ይዟል። ማሽላ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነው፤ የደረቀው አገዳ እምብርትም የኩሎምብን ኳስ ይተካል። በቀጭን ክር ለተንጠለጠለች እንዲህ ያለች ኳስ፣ ከጎረቤት መንዝ በመጣ የበግ ጠጉር ባና የተፈተገ የፕላስቲክ እስክርቢቶ ሲቀርብላት በመጀመሪያ ትሳባለች፤ ነክታው ሙል ከተካፈለች በኋላ ግን ትሸሻለች። ሙከራው የኃይሉን መኖርና በቅርብ መበርታቱን ያሳያል እንጂ ካሬውን አይለካም። ለዚህ የ1785ቱ ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ቀርበው ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉአቸው ይችላሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መምህሩንም ዕቅድ አውጪውንም ይመለከታል። የመሣሪያ እጦት ብቻውን ሙከራን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም፤ የርዕሱ ወቅት ግን ወሳኝ ነው። ርዕሱ በበልግ ዝናብ ላይ ከዋለ ኳሷ ላትንቀሳቀስ ትችላለች፤ ተማሪውም የከሸፈው ሙከራው ሳይሆን ሕጉ ነው ብሎ ይደመድማል።