የጾም ዕርቅ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቶንፒንግ

ጾም ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ ሳይሆን እጅን ከደም መጠበቅም መሆኑን የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ታሪክ ያስረዳል።

በዐቢይ ጾም፣ የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ባሸማገሉት ድርድር፣ ለደቡቡ ራስ ገዝ አስተዳደር የሚሰጥ ስምምነት በአዲስ አበባ ተደረሰ፤ 17 ዓመት የቆየውም የሱዳን ጦርነት ቆመ። ሰላሙ ግን 11 ዓመት ብቻ ዘለቀ። በ1975 ዓ.ም. ራስ ገዙ አስተዳደር ፈረሰ፤ ጦርነቱም ዳግም ተነሣ።

ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በጁባ ውጊያ ሲፈነዳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በቶንፒንግ በነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ተጠለሉ። የተፋለሙት መሪዎች፣ ሳልቫ ኪርና ሪክ ማቻር፣ ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እንደገና በጾም ወራት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በቫቲካን ከፊታቸው ተንበርክከው ጫማቸውን ሳሙ፤ ሰላሙን እንዲጠብቁም ለመኗቸው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የአንድነት መንግሥት ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ ያውም በጾም፣ ማቻር በቁም እስር ዋሉ።

እንግዲህ መምህሩ የፊርማውን ቀን ብቻ ማስጠናት አይበቃውም። የጾሙ ቃል ከፋሲካ በኋላ እንዴት እንደተጠበቀ፣ በማንስ እጅ እንደፈረሰ ተማሪዎቹን ሊያመራምር ይገባል።