የፋብሪካ ተረፈ ምርትና የሸክላ አፈር፦ ውኃን የማገት ሙያ አጭር ታሪክ

ውኃን አግቶ ማቆየት የጥንት ሙያ ነው። ሮማውያን የተሰበረ ጡብና የሸክላ ዕቃ ፈጭተው ከኖራ ጋር በመለወስ የውኃ ማጠራቀሚያቸውን ይለስኑበት ነበር። ለመጣል የተዘጋጀው ስባሪ ውኃ የማያሳልፍ ልስን ሆነ ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በልማድ እንጂ በልኬት የተደገፈ አልነበረም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ጥናት ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ገለጸ። አሜሪካዊው ራልፍ ፕሮክተር በ1933 የአፈር እርጥበትና ጥቅጠቃ ያላቸውን ዝምድና አሳየ። ከዚህ በኋላ የአፈርን ውኃ አሳላፊነት በቁጥር መናገር ተቻለ።

ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች ጭስ የሚለቀመው ደቃቅ አመድና ከሲሚንቶ ምድጃ የሚወጣው ብናኝ ከሸክላ አፈር ጋር መደባለቅ የጀመሩት በኢንዱስትሪው ዘመን ነው። ነገር ግን ድብልቁ ወዲያውኑ ውኃ አያግትም። ኖራ በመጀመሪያ የሸክላውን ደቃቅ ቅንጣቶች ስለሚያጓጉል ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፤ ውኃ አሳላፊነቱም ሊጨምር ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ግን ኖራው በአመዱና በሸክላው ውስጥ ካለው ሲሊካ ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ማጣበቂያ ይፈጥራል። ስለዚህ ውጤቱ በመጠኑ፣ በእርጥበቱ፣ በጥቅጠቃውና በቆይታው ይወሰናል።

የታሪኩ ሌላ ገጽታ ከዚህ ይከብዳል። በታኅሣሥ 2008 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በኪንግስተን ኃይል ማመንጫ የአመድ ማጠራቀሚያ ግድብ ተደርምሶ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የአመድ ጭቃ ፈሰሰ። አመዱ አርሴኒክን የመሰሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ነበሩበት። በ2015 የወጣው የአገሪቱ ደንብ አዲስ የአመድ ማጠራቀሚያ ከፕላስቲክ ንጣፍ በታች ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር የተጠቀጠቀ አፈር እንዲኖረው፣ የአፈሩም ውኃ አሳላፊነት በሴኮንድ ከሴንቲሜትር 1/10,000,000ኛ እንዳይበልጥ አዘዘ። አፈርን ያግታል የተባለው አመድ ራሱ በአፈር የሚታገት ሆነ።

በአገራችን የስኳር ምርት በወንጂ በ1954 ከተጀመረ ወዲህ የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ በሲሊካ የበለጸገ ተረፈ ምርት ሆኖልናል፤ መረሬ አፈርም በሰፊው አለን። ሁለቱን ለማገናኘት የሚነሣ መሐንዲስ አንድ ሳይሆን ሁለት ልኬት ይጠበቅበታል፤ በድብልቁ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የሚያልፈውም ውኃ ምን ይዞ እንደሚወጣ።