የመውጫ ትራንስፎርመር፦ ከቱቦ ወደ ስፒከር

በቶንጎም ሆነ በአሶሳ «ትራንስፎርመር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ነው። ጉባ ላይ ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው የ500 ሺህ ቮልት መስመርም ያለ ትራንስፎርመር ቤታችን አይደርስም። በቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው «አውትፑት ትራንስፎርመር» ግን ሥራው ሌላ ነው። «የመውጫ ትራንስፎርመር» ብንለው ይገልጸዋል፤ ሙዚቃው ከቱቦው ወጥቶ ወደ ስፒከር የሚሻገረው በእሱ ነውና።

ቱቦ በብዙ ቮልትና በጥቂት ከረንት ይሠራል፤ ስፒከር ደግሞ በጥቂት ቮልትና በብዙ ከረንት። 845 የተባለው ትልቅ ቱቦ በ1,000 ቮልት ሲሠራ 10,000 ኦም ገደማ ጭነት ይፈልጋል፤ ስፒከሩ ግን 8 ኦም ነው። የሁለቱ ጥምርታ 1,250 ይሆናል። የሽቦው ዙር ጥምርታ የዚህ ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ለስፒከሩ ወገን አንድ ዙር በቱቦው ወገን 35 ያህል ዙር ይጠመጠማል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው አንድ ቱቦ ብቻውን ሙሉውን ድምፅ በሚያጎላበት፣ «ነጠላ-ወገን» ልንለው በምንችለው አሠራር ነው። ሁለት ቱቦዎች በተቃራኒ ሲሠሩ፣ በፑሽ-ፑል፣ የቀጥተኛ ከረንታቸው ማግኔት በብረቱ ውስጥ ይጠፋፋል። በነጠላ-ወገን ግን ሙዚቃ ኖረም አልኖረም 90 ሚሊአምፔር ያህል በሽቦው ጥቅል ውስጥ ያልፋል። ብረቱም በማግኔት ይጠግብና ወፍራሙ ድምፅ ይበላሻል። ስለዚህ በብረቱ መካከል ቀጭን የአየር ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ደግሞ ኢንዳክታንሱን ስለሚቀንስ፣ ያንን ለማካካስ ብረቱም ዙሩም ይበዛል። ጥሩው የሚከብደው ለዚህ ነው። የፑሽ-ፑል ትራንስፎርመር ርካሽ ሆኖ ቢገኝ እንኳ እዚህ ቦታ አይመከርም።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የሽቦውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን ነው። ድምፁ ሲጎላ የቱቦው አኖድ ቮልት ከ1,000 ተነስቶ ወደ 2,000 ይጠጋል። የድሮ ሬዲዮኖች EL84 ቱቦ በ250 ቮልት ስለሚሠራ፣ የእሱ ትራንስፎርመር ይህን አይችልም፤ ሽፋኑ ይበሳል። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋት ብቻ አትጠይቁ። ቀጥተኛ ከረንቱን በሚሊአምፔር፣ ሽፋኑ የተፈተነበትን ቮልት፣ ዋቱንም በስንት ኸርዝ እንደሚሰጥ ይንገራችሁ፤ በ1,000 ኸርዝ 20 ዋት የሚሰጥ ሁሉ በ30 ኸርዝ አይሰጥምና። ስፒከር ሳይገናኝ ድምፅ አትልቀቁበት። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቮልት ይዘው ስለሚቆዩ፣ በሬዚስተር አፍስሳችሁ በሜትር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ።