የተሰነጠቀው ዘንግ

ባለፈው ዓመት አንድ ሲስተም ለደንበኛ ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን ኮዱ ውስጥ ስህተት አገኘሁ። አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የምትል፣ ከእኔ በቀር ማንም ያላያት። ቀጠሮው ከዚያ በፊት አንዴ ተራዝሟል፣ ያራዘምኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ራይት ወንድማማቾች ማንበብ ጀመርኩ።

ትምህርት ቤት የሰማነው ታሪክ አጭር ነው፤ ሁለት ሳይክል ሠሪዎች፣ 12 ሰከንድ በረራ፣ አበቃ። ከዚያ በፊት የነበረውን የፕሮፔለር ጣጣ የነገረን የለም።

ዊልበርና ኦርቪል ፕሮፔለሩ ቀላል መስሏቸው ነበር። የመርከብ ፕሮፔለር ቀድሞም ስለነበረ ቀመሩን ከመጽሐፍ እናገኛለን ብለው አሰቡ። መጽሐፍ ሲያገላብጡ ግን የሚሆናቸው ቀመር የለም፤ የመርከብ ሰዎች የሚሠሩት በሙከራ ነው። ወንድማማቾቹ ተከራክረው ተከራክረው፣ አንዳንዴ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይዞ ይገኝ ነበር። በመጨረሻ የደረሱበት ነገር ይሄ ነው፦ ፕሮፔለር ማለት የሚሽከረከር ክንፍ ነው። በ1901 (እ.ኤ.አ.) ሳይክል ቤታቸው ውስጥ በሠሩት የንፋስ ዋሻ የክንፍ ቅርጾችን ለክተው ስለነበር ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው። ስፕሩስ የሚባል ቀላል እንጨት አጣብቀው፣ በመጥረቢያና በመላጊያ ቀርጸው፣ እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ፕሮፔለሮች አወጡ።

በጣም ከባዱ ነገር ተፈታ ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ማንም ካልጠረጠረው ቦታ፣ ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዘንግ ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1903፣ ኪቲ ሃውክ አሸዋ ላይ ሞተሩን ሲያስነሱት አረጋገጡ ወጣ ገባ ሆነና ዘንጎቹን ጎዳቸው። ፈትተው ዴይተን ወዳለው መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር ላኩ። ሞተሩን የሠራውም እሱ ነው። ዘንጎቹ ተጠግነው ሲመለሱ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት እየላላ አስቸገረ። መፍትሔው የሳይክል ሰው መፍትሔ ነው፤ ጎማ ከቸርኬ ጋር የሚያጣብቁበትን ማስቲሽ አምጥተው ለጠፉት። ያዘ!

ኖቬምበር 28 ሞተሩን ሲሞክሩ አንደኛው ዘንግ እንደገና ተሰንጥቆ አገኙት።

አሁን እናንተ እዚያ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ብርዱ ገብቷል። ሳሙኤል ላንግሊ የሚባል ታዋቂ ሳይንቲስት ከመንግሥት 50,000 ዶላር ተሰጥቶት በሌላ በኩል እየተሯሯጠ ነው፤ የእነሱ ጠቅላላ ወጪ 1,000 ዶላር አይሞላም። እኔ ብሆን «ለአንድ በረራ ይበቃል» እል ነበር። ለአለቃዬ ልለው ያሰብኩትም ይሄንኑ ነው።

ኦርቪል ግን ኖቬምበር 30 ጉዞ ጀመረ፤ ዴይተን ድረስ። ውስጣቸው ክፍት በነበረው የብረት ቱቦዎች ፈንታ ድፍን የስፕሪንግ ብረት ዘንጎች አሠራ። ቱቦው ግትር ስለሆነ የሞተሩን ምት በሙሉ ይቀበላል፤ ስፕሪንግ ብረት ግን ትንሽ ተጠምዝዞ ይመለሳል። ኦርቪል ሲመለስ መንገድ ላይ ጋዜጣ አነበበ፦ የላንግሊ አውሮፕላን ዲሴምበር 8 ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወድቋል። እሱ ዘንጎቹን ይዞ ዲሴምበር 11 ካምፕ ገባ፤ እንደገና ገጣጠሙ።

ዲሴምበር 17 አራት ጊዜ በረሩ። የመጀመሪያው 12 ሰከንድ፣ የመጨረሻው 59 ሰከንድ፣ 260 ሜትር ገደማ። በአራቱም ዘንጎቹ ቻሉ።

ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ስለ ስህተቷ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ደንበኛውም ተቆጣ። ርክክቡ ዘጠኝ ቀን ዘገየ። እኔ ግን ያን ማታ ተኛሁ።