የታዳጊዎች የመለማመጃ ፈቃድና መንጃ ፈቃድ በዋሽንግተን አካባቢ

የመለማመጃ ፈቃድ፣ በተለምዶ «ፐርሚት» የሚባለው፣ አንድ ታዳጊ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መኪና እንዲነዳ የሚያስችል ሰነድ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ ለአገሩ ሁሉ አንድ የሆነ የመንጃ ፈቃድ ሕግ ስለሌላት ዕድሜውንም ፈተናውንም የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያም የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ (ዲሲ) ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ልጅ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላት ፐርሚት ታወጣለች። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እኩያዋ ሦስት ወር፣ ዲሲ ያለችው የአክስቷ ልጅ ደግሞ ስድስት ወር መጠበቅ አለባቸው።

ሦስቱም ሕጎች የተሠሩት ፈቃድን ደረጃ በደረጃ በመስጠት ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ቀዳሚዋ አገር ኒውዚላንድ ስትሆን የጀመረችውም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ በ1996 ቀድማ ገባችበት፤ ሌሎቹ ግዛቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የ16 ዓመት ልጅ ፈተናውን ካለፈ እንደማንኛውም አዋቂ ቀንም ሌሊትም፣ ብቻውንም ጓደኞቹን ጭኖም ይነዳ ነበር። የመኪና አደጋ ለአሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ታዳጊዎች ቀዳሚ ገዳይ ሆኖ ቆይቶ ነበር። አደጋው የሚበረታው ፈቃድ በተገኘባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ በሌሊትና መኪናው በእኩዮች ሲሞላ መሆኑም በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ዛሬ በታዳጊዎች ላይ የሚጣሉት ገደቦች በእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ላይ ያነጣጠሩ ናቸው።

በቨርጂኒያ ጉዳዩ የሚጀምረው ዲኤምቪ በሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ነው። ታዳጊው ማንነቱንና የመኖሪያ አድራሻውን የሚያሳዩ ሰነዶች ይዞ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈርሞለት ይቀርባል። የዓይን ምርመራ ይደረግለታል፤ ከዚያ ለጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አሥር የመንገድ ምልክቶችን ያሳያል፤ አሥሩንም መመለስ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ስለ ሕጉ ይጠይቃል፤ ለማለፍ 80 በመቶ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተፈታኝ ከወደቀ እንደገና ለመፈተን 15 ቀን ይጠብቃል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከምታገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ በመሆኑ እዚያ የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል። እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች በእንግሊዝኛ መፈተኑ ይቀላቸዋል፤ አማርኛው ይበልጥ የሚጠቅመው ወላጆችን ነው።

ፐርሚት የያዘ ልጅ ብቻውን መንዳት አይችልም። በቨርጂኒያ አጠገቡ የሚቀመጠው መንጃ ፈቃድ ያለውና 21 ዓመት የሞላው ሰው መሆን አለበት፤ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እኅት ከሆነ 18 ዓመት ይበቃል። ፐርሚቱ ቢያንስ ዘጠኝ ወር መያዝ ስላለበት መንጃ ፈቃድ ከ16 ዓመት ከ3 ወር በፊት አይገኝም። በዘጠኙ ወራት ውስጥ ሦስት ነገሮች ይጠናቀቃሉ። አንደኛው እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ 36 ክፍለ ጊዜ የክፍል ትምህርት ነው። ሁለተኛው በአሠልጣኝ መኪና ውስጥ ሰባት ጊዜ መንዳትና ሰባት ጊዜ ሌላው ሲነዳ ማየት ነው። ሦስተኛው ከወላጅ ጋር የሚደረግ የ45 ሰዓት ልምምድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት።

የሥርዓቱ ትልቁ ክብደት ያረፈው በዚህ በ45 ሰዓቱ ላይ ነው፤ የሚቆጣጠረው ሰው አለመኖሩም ድክመቱ ነው። ሰዓቱ መሙላቱን በፊርማው የሚያረጋግጠው ወላጅ ብቻ ነው። ሳይነዳ የተፈረመ ሰዓት ልጁን ምንም አያስተምረውም። ልምምዱ በባዶ የመኪና ማቆሚያ መሪ በመያዝ፣ ፍሬን በለዘብታ በመርገጥና ስፖኪዮ በማየት ይጀመራል። ቀጥሎ የሰፈር መንገድ፣ ከዚያ እንደ ኮሎምቢያ ፓይክ ያለ አውቶቡስና እግረኛ የሚበዛበት ጎዳና፣ በመጨረሻም ሀይዌይ ይመጣል። ለሌሊቱ ክፍል ክረምት ይመቻል፤ በታኅሣሥ በዋሽንግተን ፀሐይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ልጁ ከትምህርት ቤት ክበብ ወደ ቤት ሲነዳ የጨለማ ልምምዱን ያገኛል።

ለጀማሪ እጅግ ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ ቀስት በሌለው አረንጓዴ መብራት ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ከፊት የሚመጣውን መኪና ፍጥነት መገመት፣ የሚሻገር እግረኛ መኖሩን ማየት፣ መብራቱ ቢጫ ሊሆን መቃረቡን ማሰብ፣ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋበትም አለመደናገጥ ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች የሚያልቅ ነው። መስቀለኛው መንገድ መሐል ቆሞ ሲጠብቅ ጎማውን አስቀድሞ ወደ ግራ ካጠመዘዘ፣ ከኋላ የሚገጨው ቢመጣ መኪናው ከፊት በሚመጡት መኪኖች ላይ ይገፋል። ስለዚህ መሪው ቀጥ እንዳለ መቆየት አለበት። ይህን አንድ ነገር ልጅ ከመጽሐፍ አንብቦ ያልፈዋል፤ የሚለምደው ግን ሰው አጠገቡ ሆኖ ደጋግሞ ሲያሠራው ነው።

በዋሽንግተን ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ለልጁ በገንዘብ የማይገኝ አስተማሪ ነው፤ ሆኖም ብዙውን ነገር ከልምድ ብዛት ሳያስብ ስለሚያደርገው በቃል ማስረዳቱ ይከብደዋል። የሚረዳው ራሱ ሲነዳ የሚያየውን ጮክ ብሎ መናገር ነው፦ «ያቺ ነጭ መኪና ፍሬቻ ሳታሳይ ልትገባ ነው»፣ «ኳስ ወጥቷል፣ ልጅ ሊከተለው ይችላል»። ልጁ ሲነዳም መመሪያው ከመታጠፊያው ብዙ ቀደም ብሎ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ቢነገረው ይጠቅመዋል። መጨረሻ ላይ የሚጮኽበት ትእዛዝ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ወደ አባቱ ይመልሰዋል።

በቨርጂኒያ የመንገድ ፈተናውን የሚሰጠው የልጁ አሠልጣኝ ነው። ልጁ ካለፈ ለ180 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል። ዋናው ካርድ ግን ወደ ቤት አይላክም፤ ለታዳጊዎችና ለቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይላካል። ታዳጊው ከወላጁ ጋር በተባለው ቀን ይቀርብና ዳኛው ስለ ኃላፊነቱ ተናግረው በሥነ ሥርዓት ያስረክቡታል። ፍርድ ቤት መጠራት ከጥፋት ጋር ለሚያያዝባቸው ወላጆች ጥሪው ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን ለሁሉም የሚደረግ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ገደቦች ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ መጫን ይቻላል። ከሥራ፣ ከትምህርት ቤት ዝግጅትና ከመሳሰሉት በቀር ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መንዳት ክልክል ነው። እየነዱ በስልክ መነጋገር በድምፅ ማጉያም ቢሆን አይፈቀድም። ከ18 ዓመት በታች ነጥብ የሚያስቆጥር ጥፋት የሠራ ልጅ መጀመሪያ ወደ ማሻሻያ ትምህርት ይላካል። በሁለተኛው ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል፤ በሦስተኛው ለአንድ ዓመት ወይም 18 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ለሚረዝመው፣ ይነጠቃል።

ሜሪላንድ በአንዳንድ ነገር ይበልጥ ጥብቅ ናት። ፐርሚቱ በ15 ዓመት ከ9 ወር ይወጣና ለዘጠኝ ወር ይያዛል፤ ልምምዱ 60 ሰዓት ሲሆን 10ሩ በሌሊት ነው። በ16 ዓመት ከ6 ወር የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ በዚያም የመጀመሪያዎቹን 151 ቀናት ከዘመድ ውጭ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው መጫን አይቻልም። የ30 ሰዓት የክፍልና የ6 ሰዓት የመንዳት ትምህርቱ ለአዋቂ ጀማሪም ግዴታ ነው። በዲሲ ፐርሚቱ በ16 ዓመት ይወጣል። የያዘው ልጅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብቻ ይነዳል፤ 40 ሰዓት ሲለማመድና ስድስት ወር ሲሞላውም ወደ ጊዜያዊው ፈቃድ ይሸጋገራል።

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ኢንሹራንስ ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ስም ሲገባ ክፍያው በብዙ ይጨምራል። ብዙ ኩባንያዎች ጥሩ የትምህርት ውጤት ላለው ልጅ ቅናሽ ስለሚያደርጉ ሪፖርት ካርዱን ማቅረብ ይጠቅማል። በወጪው ምክንያት ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው የሚጠብቁ ወላጆችም አሉ። ያኔ በቨርጂኒያ የ45 ሰዓቱ ግዴታ ይቀራል፤ ፐርሚቱን 60 ቀን መያዝ ወይም ኮርስ መውሰድ ይበቃል። ገንዘቡ ይተርፋል፤ ልጁ ግን ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ የሚማርባቸውን ወራት አጥቶ ያለ ምንም የጊዜና የተሳፋሪ ገደብ መንገድ ላይ ይወጣል። የሚጠብቅ ቤተሰብ ሰዓቶቹን በራሱ ፈቃድ ቢያሠራ ይበጃል።

የዕድሜው ገደቦች በ18 ዓመት ሲነሡ የአልኮል ሕጉ ይቀራል። በቨርጂኒያ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ 0.02 በመቶ አልኮል ከተገኘበት ይቀጣል፤ ለአዋቂ የተቀመጠው መጠን 0.08 ነው። ቅጣቱ ለአንድ ዓመት ፈቃድ ማጣትን ይጨምራል።